የትራክተር ዲናሞ በኦልተርኔተር ሲተካ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ያገለገለ ኦልተርኔተር (ባትሪ የሚሞላ የኤሌክትሪክ ማመንጫ) በአሮጌ ትራክተር ላይ ተገጥሞ ወዲያው ሲቃጠል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዕቃው አይደለም። ዲናሞ (የቀድሞው ዓይነት ማመንጫ) ካላቸው የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ትራክተሮች በብዙዎቹ የባትሪው ፖዘቲቭ ከሻሲው (ከትራክተሩ የብረት አካል) ጋር የታሰረ ነው። አስቀድሞ የባትሪውን ገመዶች አቀያይሮ ኔጌቲቩን ከሻሲው ማሰር ግድ ነው፤ አለዚያ የኦልተርኔተሩ ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ክፍሎች) ወዲያው ይቃጠላሉ። የአምፔር መለኪያው ሁለት ሽቦዎችም ይቀያየሩ፣ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ይውጣ።

ሬጉሌተሩ ውስጡ ላለ ኦልተርኔተር ወፍራሙ ሽቦ ከ6 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ፤ በቀጥታ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሂድ። ቀጭኑ በ12 ቮልት 2.2 ዋት አምፖል በኩል ከማስነሻ ቁልፉ ጋር ይገናኝ። አምፖሉ ጌጥ አይደለም፤ ሮተሩን (በኦልተርኔተሩ ውስጥ የሚዞረውን ክፍል) የሚቀሰቅሰው መነሻ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው። ከተቃጠለ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ባትሪው አይሞላም።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ አለበት። «እስቲ ይሞላ እንደሆነ» ብሎ የባትሪ ገመድ መንቀል ግን ይቅር! ቮልቱ በድንገት አሻቅቦ ደህናውን ዳዮድ ይገድላል።