ሃይድሮጅንን በይዘት መቁጠር ያሳስታል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሃይድሮጅንን ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ቀላቅሎ በነባሩ ቧንቧ ወደ አውሮፓ ስለመላክ ሲነሳ «20 በመቶ» የሚለው ቁጥር ይደጋገማል። ቁጥሩ የይዘት (በሜትር ኪዩብ የሚለካ) እንጂ የሙቀት አይደለም። አንድ ሜትር ኪዩብ ሚቴን 40 ሜጋጁል ገደማ ሲሰጥ ሃይድሮጅን 13 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከድብልቁ ሙቀት የሃይድሮጅኑ ድርሻ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ገዢ የሚከፍለው በሙቀቱ ልክ ነውና፣ የቀድሞውን ያህል ለማድረስ 16 በመቶ ተጨማሪ ጋዝ መግፋት ሊኖር ነው። ከአልጄሪያ በቱኒዝያ አልፎ በባሕር ሥር ሲሲሊ በሚገባው የጋዝ ቧንቧ፣ በትራንስሜድ፣ ላይ ይህን ሸክም የሚችሉት ጋዙን አምቀው የሚገፉት ኮምፕረሰሮች ናቸው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ኪሎዋት ሰዓቱ በ0.03 ዶላር ቢገኝ እንኳ የመብራቱ ብቻ 1.50 ዶላር ነው፤ ማሽኑና የተጣራው ውኃ ገና አልተቆጠሩም። ጋዝ በሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) 10 ዶላር በሚሸጥበት ገበያ ያው ኪሎ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የሚያወጣው 1.34 ዶላር ነው።

«እዚያ ሲደርስ እንለየዋለን» የሚባለውም አያዋጣም። ግፊት በማፈራረቅ የሚሠራው መለያ ሃይድሮጅኑን በግፊቱ ያሳልፋል፤ ሚቴኑ ግን ማጣሪያው ላይ ተይዞ ቆይቶ ግፊቱን አጥቶ ይወጣል። አንዱን እጅ ለማግኘት አራቱን እጅ እንደገና አምቆ ወደ መስመር መመለስ ነው። መለኪያውም ችግር አለበት፦ በሂሊየም ብቻ የሚሠራ ጋዝ ክሮማቶግራፍ (በጋዙ ውስጥ ምን ምን እንዳለ የሚለካ መሣሪያ) ሃይድሮጅንን በወጉ አያይም። በአርጎን የሚሠራ ክፍል ካልተጨመረለት ደረሰኙ ይሳሳታል።

የጣሊያኑ የጋዝ አስተላላፊ ኩባንያ ስናም እ.ኤ.አ. በ2019 ኮንቱርሲ ቴርሜ በምትባል የጣሊያን ከተማ መጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ ሃይድሮጅን ቀላቅሎ ለአንድ የፓስታ ፋብሪካና ለአንድ የማዕድን ውኃ ማሸጊያ አቅርቧል። በቴክኒክ ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 ደንብ ግን ለድብልቁ ያስቀመጠው መጠን በይዘት እስከ 2 በመቶ ነው፤ በሙቀት ሲሰላ ከ1 በመቶ በታች።

የተሻለ መንገድ አለ፦ አልጄሪያ በአርዜውና በአናባ ከጋዝ አሞኒያ (ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን የሚሠራ የማዳበሪያ ግብዓት) የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሏት። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከጋዝ ለማውጣት ኪሎው ራሱ ከያዘው ሙቀት የበለጠ ጋዝ ይጠፋል። ከውኃ የወጣው ሃይድሮጅን እዚያው ቢገባ የሚተርፈው ጋዝ በትራንስሜድ ምንም ሳይነካ ይሸጣል። ፋብሪካዎቹ ናይትሮጅኑንም የሚያገኙት ጋዙ ወደ ሃይድሮጅን በሚሰበርበት መስመር ከሚገባው አየር ስለሆነ ሁሉን ባንዴ መተካት አይቻልም፤ በጥቂት በመቶ መጀመር ግን ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር