ለጤና ሚኒስቴር፦ ለፕሮጀክት ባለሙያዎች የመንግሥት መደብ ይከፈት

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በውጭ ገንዘብ ተቀጥረው ሲሠሩ የነበሩ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎችን ይመለከታል

ክብርት ሚኒስትር፣

ጤና መኮንን ነኝ። በአንድ ቆላማ ዞን ጤና መምሪያ የወባን ሥራ ይዤ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የፕሮጀክት ደመወዝ በልቼ አላውቅም፣ ከፕሮጀክት የተሰናበተ ዘመድም የለኝም። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ የምጽፈው ለራሴ ወይም ለወገኔ ቦታ ፍለጋ እንዳይመስል ነው።

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ በቀናት ውስጥ፣ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሚኒስቴርዎ ወጣ። አብዛኞቹ በኤችአይቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ነርሶች፣ ዳታ ክለርኮችና የታካሚ ክትትል ሠራተኞች ናቸው። ስለነሱ ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። ብዙ ያልተወራላቸው ሌሎች አሉ። በሚኒስቴርዎ፣ በክልል ጤና ቢሮዎችና እንደኛ ባሉ ዞኖች ጠረጴዛ ይዘው የሚሠሩ፣ እኛ በአጭሩ «ቲኤ» የምንላቸው የቴክኒክ ባለሙያዎች። ኢፒዲሚዮሎጂስቱ (የበሽታ ሥርጭት አጥኚው)፣ የትንኝ ተመራማሪው፣ የመድኃኒት ፍላጎት ትንበያ የሚሠራው፣ የላቦራቶሪ ጥራት ተቆጣጣሪዋ። ወንበሩ የመንግሥት፣ ውሉ የፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰው ብቻ አልሄደም። መደብ ስላልነበረው «ክፍት የሥራ ቦታ» ተብሎ እንኳ የሚመዘገብ ነገር አልቀረም።

ምን ይሠሩ ነበር ለሚል ሰው በማውቀው በወባ ልመልስ። በየሳምንቱ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ የሕሙማን ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ይነጻጸርና መስመሩን ካለፈ ወረርሽኝ ነው ይባላል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጭንቁ ቁጥሩ ሲዋሽ ነው። አንድ ኬላ ለተከታታይ ሳምንታት ዜሮ ሲልክ እኛ ደስ ይለን ነበር። ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረው ባለሙያ ግን ዜሮ ሲያይ ስልክ ነበር የሚያነሳው። «ወባው ነው የቀነሰው ወይስ መመርመሪያው ነው ያለቀው?» ብዙ ጊዜ መመርመሪያው ነበር ያለቀው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም፤ ዓመታት ቁጥር ሲያዩ ኖረው ነው የሚያዳብሩት።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ባካሄዱት ጥናት፣ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የወባ ተሕዋስ እንዳለ አሳዩ። ኬላ ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጣት ወግታ፣ ደም ወስዳ፣ ጠብቃ «ወባ የለብህም» ብላ የምትሸኘው ሰው ወባ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም። በእንዲህ ያለው ተሕዋስ የተነሳ መመርመሪያው ከመቶ ሕሙማን አምስቱን ሳያገኝ እስከ ማለፍ ከደረሰ መመርመሪያው እንዲቀየር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ግን መቼ እዚያ እንደተደረሰ የሚያውቀው ናሙና እየሰበሰበ የሚከታተል ሰው ሲኖር ነው።

ትንኙም ተቀይሯል። ከእስያ የመጣው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። ይህ ትንኝ ረግረግ አይጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይራባል፣ በበጋም አይጠፋም። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ምክንያቱ እሱ መሆኑን ያጠኑት የአገራችን ተመራማሪዎች ናቸው። እኛ በኮሌጅ የተማርነው ወባ ግን ክረምት ሲወጣ የሚመጣ፣ የገጠርና የቆላ በሽታ ነበር።

በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ይህ ርዳታው ከመቋረጡ በፊት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቢኖሩ ወባ አይኖርም አልልም። ጦርነት ነበር፣ ጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ርጭትና አጎበር ያልደረሰባቸው ወረዳዎች ብዙ ናቸው። እነሱ በነበሩበት እንዲህ ከሆነ፣ በሌሉበት ቁጥሩን ራሱ ማን አጣርቶ ይነግረናል ነው ጥያቄዬ።

የፕሮጀክቱን ዓለም ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ያለቀውን ወርክሾፕ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ሪፖርት ለሦስት ለጋሾች በሦስት ቅጽ ስንሞላ ያደርን ነን። ቅር ያሰኘኝ ግን አበሉ አይደለም። ፕሮጀክቶቹ ባለሙያ ከሰማይ አላወረዱም፤ የወሰዱት ከእኛ ነው። መንግሥት ያስተማረው፣ ወረዳ ላይ የበሰለው፣ ዞን ላይ ያመጣነው ጎበዝ ልጅ የብዙ እጥፍ ደመወዝ ተከፍሎት ተወሰደ። ከዚያም ተመልሶ እዚያው ቢሮ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ «የቴክኒክ ድጋፍ» ተብሎ ተቀመጠ። ሚኒስቴሩም ወንበሩ ባዶ ስላልሆነ መደብ ሳይጠይቅ ዓመታት አለፉ። ለጋሾች ያደረጉት የለጋሽ ሥራ ነው። የተመቸን እኛ ነን።

መደብ መክፈት አይቻልም የሚል ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ይመልከት። በ1995 ሲጀመር ለሥልጠናው፣ ለኪቱና ለክትባቱ የውጭ ገንዘብ ነበረበት። ከ30 ሺህ የሚበልጡት ሴቶች ግን ከመጀመሪያው የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ርዳታው በተቋረጠ ማግሥትም ኬላቸው ላይ ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ ደምቢያ ላይ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የአሜሪካ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ እጅ ነበረበት። ተመራቂዎቹ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ግን የተመደቡት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። እኔም የያዝኩት መደብ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ለምን አስቸኳይ ሆነ? አሜሪካ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የዓለም ጤና ስትራቴጂ መድኃኒትና መመርመሪያ መግዛቷን፣ ሕሙማንን በቀጥታ የሚያገለግሉ ሠራተኞችንም ለጊዜው መደገፏን እንደምትቀጥል ገልጻለች። የቴክኒክ ድጋፍን ግን እንደምትቀንስ በግልጽ አስፍራለች። ከእርስዎ መንግሥት ጋር በታኅሣሥ 2018 የተፈረመው የአምስት ዓመት ሰነድም በዚሁ መንፈስ የተቃኘ ነው፤ ኢትዮጵያም ከራሷ ካዝና ድርሻ ልታዋጣ ተስማምታለች። እንግዲህ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ይመጣል። የትኛው ወረዳ ስንት እንደሚያስፈልገው፣ መቼ ከመጋዘን መውጣት እንዳለበት፣ የትኛው መመርመሪያ እንደማይሠራ የሚነግረን ባለሙያ ግን በሰነዱ ገንዘብ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም። መድኃኒቱ ደርሶ ቀኑ አልፎበት ቢቃጠል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው አሁን የምጽፈው።

ከሚኒስቴርዎ የምጠብቀው ይህን ነው። ጥር 2017 ላይ በፕሮጀክት ውል ሚኒስቴሩ፣ ክልሎቹና ዞኖቹ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ባለሙያዎች ስንት እንደነበሩ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ዛሬ ያ ሥራ በማን እንደተያዘ ተጣርቶ ይፋ ይደረግ። ዝርዝሩ በየለጋሹ ፋይል ውስጥ ተበትኖ ይገኛል፤ አንድ ላይ የተሰበሰበበት ቦታ ካለ ግን እኛ ዞን ላይ አላየነውም።

ሁሉም ይመለስ አልልም። ግማሹ ሥራ የለጋሽ ሪፖርት ነበርና ከለጋሹ ጋር ይሂድ። የበሽታ ቅኝት፣ የትንኝ ክትትል፣ የመድኃኒት ትንበያና የላቦራቶሪ ጥራት ግን የመንግሥት መደብ ይከፈትላቸው። መለኪያ ከጠፋ አለ፤ የዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ምዘና ለ200 ሺህ ሕዝብ አንድ የሠለጠነ የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂስት ይላል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ከ600 በላይ ማለት ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና በአገራችን ይሰጣል፤ የሠለጠነ ሰው የለም ማለት አይቻልም። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲከሰት ናሙናውን መርምሮ ያረጋገጠው የራሳችን ላቦራቶሪ ነው። ሰው አለን፣ የጎደለው የሚቀመጥበት መደብ ነው። (ከእርስዎ ወንበር የተነሱ ሰዎች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅትን ይመራሉ፣ ሌላው ዓለም አቀፉን የወባ ትብብር መርተዋል። ዓለም የሚቀጥረውን ዞን ቢያጣው ይገርማል።)

ደመወዙን በተመለከተ የኔ አቋም ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል። የፕሮጀክት ደመወዝ መንግሥት መክፈል አይችልም፣ መክፈልም የለበትም። በግንቦት 2017 ሐኪሞችና ነርሶች የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም በደረሱበት አገር ለጥቂት ባለሙያ ልዩ ስኬል ማውጣት ስድብ ነው። በመንግሥት ስኬል ይቀጠሩ፤ በፕሮጀክት ያገለገሉበት ዘመን ግን እንደ ልምድ ይቆጠርላቸው፣ ደረጃቸውም በዚያው ይመደብ። ዛሬ ከፕሮጀክት ወደ መንግሥት ልመለስ የሚል ሰው ልምዱ የሚያዝለት እንደ ቢሮው ትርጓሜ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ደመወዝ አይመጡም፤ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ የሚጠብቃቸው አሉ። ቤተሰቡ እዚህ የሆነ፣ ሥራውን የሚወድ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሲያነብ የከረመ ግን ይመጣል። እንዲህ ያሉትን በስም አውቃለሁ።

ወደፊት ለሚፈረም ውል ደግሞ አንድ ነገር ይካተት፦ ለጋሽ የሚከፍለው ማንኛውም ባለሙያ መንግሥት ቢሮ ውስጥ የሚቀመጠው የመደብ መለያ ቁጥር ሲኖረው ብቻ ይሁን፣ ለጋሹ የሚሸፍነው ደመወዝም በየዓመቱ እየቀነሰ ወደ መንግሥት በጀት ይዙር። ቁጥር ከሌለው ሆቴል ተከራይቶ ይሥራ።

በጀት የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ የአፍሪካ መንግሥታት ከጠቅላላ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊያውሉ ቃል ገብተዋል፤ እኛም እዚያ አልደረስንም። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ቃል ውስጥ ቅንጣት ነው።

የ2019 ረቂቅ በጀት በሰኔ ለምክር ቤት ይቀርባል። መደቡ ከዚያ በፊት ካልተጠየቀ ሌላ ዓመት ማለት ነው። ለእኔ በግል የተጻፈ ምላሽ አልጠብቅም፤ በዞናችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ኢፒዲሚዮሎጂስት፣ ብዛት፦ 1» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ እንደ መልስ እቀበለዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዞን ጤና መኮንን

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ