ፍሊፕ ዊልሰንን ረሳችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለገነኑ ጥቁር ቀልደኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወደድኩት። ነገር ግን ታሪኩን ከ1980ዎቹ ጀመራችሁት (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ፍሊፕ ዊልሰንን የት ጣላችሁት?

በ1972 ለትምህርት ዋሽንግተን ስገባ ከአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። የዊልሰን የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሚታይበት ሐሙስ ማታ ስልክ ቢጮህ አያነሱም። ዊልሰን ተመልካች ከከበባት ክብ መድረክ ላይ ብቅ ሲል ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ፤ እኔ እንግሊዝኛው ስለሚያመልጠኝ እርሳቸውን እያየሁ እስቃለሁ።

ያለ አጋዥ የገባኝ የመጀመሪያው የዊልሰን ቀልድ በሸክላ የሰማሁት ነው። የሰባኪው ሚስት በአንድ ሳምንት ሦስተኛ ቀሚሷን ገዝታ ትገባለች። ባል ሲቆጣ ሰይጣን ነው ያስገዛኝ ትላለች፤ ሱቅ ገፍትሮ ያስገባት እሱ፣ ሽጉጥ መዝዞ ቼኩ ላይ የባሏን ስም ያስፈረማት እሱ። እኛስ ስናጠፋ «ሰይጣን አሳስቶኝ» አይደል የምንለው? ያን ቀን አከራዬ እኔን እያዩ ሳቁ።

ዊልሰን በ1933 ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ ጥላቸው ሄዳ በየሰው ቤት አደገ። በ16 ዓመቱ ዕድሜውን ዋሽቶ አየር ኃይል ገባ። ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሳለ በትርኢቶች መካከል ሰካራም መስሎ እየተንገዳገደ መድረክ ይወጣ ነበር። ከእሱ በፊት ናት ኪንግ ኮልን የሚያህል ጥቁር ዘፋኝ አገር አቀፍ ስፖንሰር አጥቶ የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ በ1957 ተዘግቷል። የዊልሰን ግን በ1970 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በተመልካች ብዛት ከአገሩ ሁለተኛ ሆነ።

ቀሚስ ለብሶ ጄራልዲን የምትባል ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ሴቶችን አዋረደ ያሉት ነበሩ። አልስማማም። ጄራልዲን ለማንም አንገቷን የማትደፋ ሴት ናት፤ አከራዬም የሚወዷት ለዚሁ ነበር።

በ1974 ፕሮግራሙ ሲያበቃ ተመልካቹ በዚያው ሰዓት ወደሚታይ የቤተሰብ ድራማ ሸሽቶ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ቻናል አልተቀየረም። በ1979 ልጆቹን የማሳደግ መብት በፍርድ ቤት አግኝቶ አብዛኛውን ጊዜውን ለእነሱ ሰጠ። እናት የጣለችው ልጅ መሆኑን ሳስብ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በ1998 በ64 ዓመቱ ዐረፈ።

አከራዬ ሸክላውን ሰጥተውኛል። ፎቶግራፍ ልታነሱት ከፈለጋችሁ አውሳችኋለሁ፤ ግን ይመለስልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ