ለደንበኞቻችን፦ የሻንጣ ሸክላ ማጫወቻ መሸጥ ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ሱቃችን ጎራ እያላችሁ «ያ ሻንጣ የሚመስለው ሸክላ ማጫወቻ የለም እንዴ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። የለም። አልቆ እንዳይመስላችሁ፤ ማምጣቱን ያቆምነው እኛው ነን። ለምን እንዳቆምንና በምትኩ ለጀማሪ ምን እንደምንመክር ለእያንዳንዱ ሰው ቆመን ከምናወራ፣ አንድ ጊዜ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል አልን። ትንሽ ይረዝማል። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ደንበኛችን ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ከእኛ የገዙትን ሻንጣ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ባለ45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ ይዘው ገቡ። «ይዘላል» አሉን። ከፈትነው። ክንዱ ጫፍ ላይ፣ ልክ ከመርፌው በላይ፣ ሃያ አምስት ሳንቲም በፕላስተር ተለጥፏል። «ሲዘልብኝ ጊዜ ጫን አደረግሁበት። ድሮ ቡና ቤት እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» አሉ፣ ሳቅ ብለው። ትንሿን የግራም ሚዛን አውጥተን መርፌውን አሳረፍንባት። 9 ግራም። ደህና የሚባል መርፌ የሚፈልገው 2 ግራም ግድም ነው። ከዚያ ሸክላውን መብራት ስር አዘንበል አድርገን አየነው። የሚያብረቀርቀው ጥቁር ፊቱ ዘፈኑ ባለበት በኩል ግራጫ ሆኗል። ቦዩ፣ ማለትም መርፌው የሚሄድበት መስመር፣ ተፍቋል ማለት ነው። የተፋቀ ቦይ ደግሞ አይጠገንም።

ሳንቲሙን የለጠፉት እሳቸው ቢሆኑም ጥፋቱ የእኛ ነው። ሻንጣው ያለ ሳንቲምም ቢሆን ከ5 እስከ 6 ግራም ይጫናል። በውስጡ ያለው ርካሽ የሴራሚክ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ነው፤ ያለዚያ ክብደት ቦዩን ይዞ አይሄድም። ስፒከሮቹም እዚያው ሳጥን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ቤዝ በመጣ ቁጥር ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ክንዱም አብሮ ይዘላል። ክብደቱን የምታስተካክሉበት ነገር ደግሞ የለውም። ያን ጊዜ ሰው ወደ ሳንቲሙ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ለአዲስ ሸክላ ይህ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል፤ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የእናንተ ቤት ያለው ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። አምሐ እሸቴ በስሙ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እስከ አብዮቱ መባቻ ድረስ ከመቶ በላይ ባለ45 አውጥቷል። ዓሊ ታንጎም በካይፋ ስም የራሱን ያወጣ ነበር። ዛሬ የውጭ ሰብሳቢዎች ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። አያታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለችው በቡና ቤት መርፌ ስትታረስ የኖረች ልትሆን ትችላለች፤ የቀራትን ድምፅ እኛ በሸጥነው ሻንጣ እንድትጨርሱት አንፈልግም።

እንግዲህ በምትኩ ምን ይገዛ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ማጫወቻውን ነው። ማጫወቻ ግን ብቻውን ድምፅ የለውም። ከመርፌው የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። እሱን መቶ እጥፍ ግድም የሚያጎላ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። ፕሪአምፑ ሌላም ሥራ አለው። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ እየሰፋ በአንድ ፊት ብዙ ዘፈን አይገባም ነበር። ፕሪአምፑ የተቀነሰውን ይመልሳል፣ የተጨመረውን ይቀንሳል። ማጫወቻውን በቀጥታ አውክስ ላይ ሰክታችሁ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ስልክ ቀጭን ከሆነባችሁ፣ የጎደለው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አምፕሊፋየርና ስፒከር አለ፣ በቃ።

ጥሩው ዜና ግማሹ ቤታችሁ ሊኖር መቻሉ ነው። ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የድሮ ጂፓስ ካለ ከኋላው ዞራችሁ እዩ። ፎኖ የሚል መሰኪያ ካለው ፕሪአምፑ ውስጡ አለ። ሁለቱ ስፒከሮች ከሠሩ ደግሞ ለእነሱ የምታወጡትን ገንዘብ አተረፋችሁ። ጂፓስ ከሌለ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለበት ስፒከር ግዙ፤ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሠራው ዓይነት። ቅርጹ ለመደርደሪያ የሚሆን፣ ሁለት ለየብቻ የቆሙ። በብሉቱዝ የሚሠራ ማጫወቻም አለ፤ ይሠራል፤ እኛ ግን ሽቦውን እንመርጣለን።

ማጫወቻውን በተመለከተ ለጀማሪ የምንሰጠው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ የሚባለውን ነው። ውጭ አገር ከ150 እስከ 200 ዶላር ይሸጣል። በብር ስንት እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ ምንዛሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ይለወጣል። ቁልፉን ስትጫኑ ክንዱ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል፣ ሲጨርስም ራሱ ይመለሳል። ፕሪአምፑ አብሮት አለ። መርፌው ሲያልቅ ተነቅሎ ይቀየራል። ክብደቱን ማስተካከል አትችሉም፣ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ 3 ግራም አካባቢ ነው፤ ያ ደግሞ ደህና ነው። ጨዋ ማሽን ነው። የሚገርም ድምፅ አትጠብቁበት፤ ሸክላችሁን ግን አይበላባችሁም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ዕጥፉን መክፈል የሚችል ሰው ደግሞ ኤልፒ120ኤክስን ቢጠብቅ እንመክራለን። ቀበቶ የለውም፤ ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ ያዞረዋል። የመርፌው ክብደት በእጅ ይስተካከላል፣ ካርትሪጁም ይቀየራል። በ33፣ በ45 እና በ78 ይዞራል።

አሁን ወደምንፈራው ነገር እንምጣ። ከአሜሪካ የሚመጣ ማጫወቻ።

ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ያገለገለ ማጫወቻ በሻንጣ ይዞ ይመጣል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ የጃፓን ሥራ፣ ከባድ፣ ከእንጨት የተሠራ። ግን እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። በቀጥታ የሰካው ሰው ጭስ አይቶ ነው ወደ እኛ የሚሮጠው። ይህን አብዛኛው ሰው ስለሚያውቅ ትራንስፎርመር ይገዛል። ጥሩ። ችግሩ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50። ብዙ የድሮ ባለቀበቶ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው የሚዞረው መብራቱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ ሊዞር የሚገባው እዚህ ወደ 28 ይወርዳል፤ 45ቱም 37 ተኩል ይሆናል።

አንድ ወጣት እንዲህ ያለውን ይዞ መጥቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ዘይት አድርጉልኝ» አለን። አስነሳነው። ዘፋኟን እናውቃታለን። የሚሰማው ግን እንቅልፍ የያዘው ጎልማሳ ወንድ ነው። መሰንቆው እንደ ሴሎ ያጉተመትማል። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ አገር ነው የቀየረው። ለአንዳንድ ሞዴል ለ50 ሄርዝ የተሠራ ሰፋ ያለ ፑሊ (ቀበቶውን የሚያዞረው የሞተሩ ጎማ) ይገኛል። ለዚህኛው ስላላገኘን ሰፋ ያለውን ፑሊ ራሳችን አስቀረጽነው፤ ሁለት ጊዜ ተሳስተን በሦስተኛው ተሳካ። ለሁሉም ማድረግ አንችልም። ስለዚህ ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት የማሽኑን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክ። 110/220 የሚል መቀየሪያ፣ 50/60 የሚል ጽሑፍ እዩ። የሚያወጣው DC ነው ተብሎ በተጻፈበት አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ የማሽኑ ፍጥነት በመብራቱ ሄርዝ ላይ አይንጠለጠልም፤ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ተብሎ መጻፉን ብቻ አረጋግጡ። ካልተጻፈበት ለ220 የሚሆን አዳፕተር ይቀየርለታል፣ ቀላል ነው።

ቤት ስትገቡ ማጫወቻውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ስልካችሁ ላይ ባለው የውሃ ልክ መተግበሪያ እዩት፤ ካዘነበለ እግሩ ስር የታጠፈ ካርቶን ያበቃዋል። ስፒከሮቹን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አታድርጉ፤ ያንኑ የሻንጣውን በሽታ በትልቁ ገዛችሁ ማለት ነው። ረከቦቱንም ራቅ አድርጉት፤ የዕጣን ጭስ መጨረሻው የሚያርፈው ሸክላው ላይ ነው።

ክብደቱ የሚስተካከል ማሽን ከሆነ ከኋላ ያለውን ጠጠር እያዞራችሁ ክንዱ ወደላይም ወደታችም ሳይል በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንዲቆም አድርጉ። ያ ዜሮ ነው። ቁጥሩን ዜሮ ላይ አምጡና ጠጠሩን ከነቁጥሩ እስከ 2 አዙሩት። የመጀመሪያ ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የኛም ተንቀጥቅጧል። ይህን ስታደርጉ የመርፌውን ክዳን አውጡት፤ ክዳኑ ራሱ ክብደት አለው፤ መርፌው ግን ምንም እንዳይነካ። «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ቀጭኗን የግራውንድ ሽቦ ፈልጉ፤ ያልታሰረችው እሷ ናት።

ስለ ማጽዳት አንድ ነገር ብቻ። አዲስ አበባ በበጋ አቧራ ነው፤ አቧራውን መርፌው ይገፋና ቦዩ ውስጥ ይፈጨዋል። ከማጫወታችሁ በፊት በካርቦን ብሩሽ አንድ ዙር ጥረጉ። በጣም የቆሸሸውን እጠቡት፣ ግን በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ግዙ። የአሲዱን ሳይሆን የውሃውን! በጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ በቦዩ አቅጣጫ እየዞራችሁ፤ መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ። በንጹሑ ውሃ አለቅልቁት። ከዚያ እንደ ሳህን አቁማችሁ አድርቁት። ስታስቀምጡም አቁሙት፤ ተነባብሮ የተኛ ሸክላ ይጣመማል።

ከዘፋኙ ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘመን የመጡት ባለ78ቶቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። እሳቸው ጀርመን ሄደው የተቀዱት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ሸክላ» የሚለው ስም በእውነት የሚያምርባቸው እነዚህ ናቸው፤ ቢወድቁ እንደ ጀበና ይሰበራሉ። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ ተራው መርፌ ሥሩ ይዋኛል፤ ወፍራም መርፌ ይፈልጋሉ። በአልኮል ካጸዳችኋቸው ይሟሟሉ። እንዲህ ያለ ካላችሁ ምንም ሳታደርጉት መጀመሪያ አሳዩን።

የአልማዝ መርፌ በጥንቃቄ ከተያዘ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ይሄዳል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚሰማ ሰው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ግድም እስከ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ግድም መሆኑ ነው። ያገለገለ ማሽን የገዛችሁ ግን መርፌውን መጀመሪያ ቀይሩ። የቀድሞው ባለቤት ስንት ሰዓት እንደሄደበት አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁም አትመኑት። አዲሱንም ማሽን በአያታችሁ ሸክላ አትሞክሩት። የድሮ ዘፈኖች በአዲስ ሸክላ እንደገና እየታተሙ ነው፤ አንድ ግዙና እሱ ላይ እጃችሁን አፍታቱ።

በመጨረሻ፣ ሻንጣውን ከእኛ የገዛችሁ ሁሉ ይዛችሁ ኑ። የከፈላችሁትን ግማሽ ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንቀንሳለን። ሙሉውን ብንመልስ ደስ ባለን፣ አቅማችን ግን ግማሹ ነው። ደረሰኝ ባይኖርም ችግር የለም፤ እናውቃችኋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጠን ስለምናሰማ የራሳችሁን ሸክላ ይዛችሁ ብትመጡ ልዩነቱን ራሳችሁ ትሰማላችሁ። በሻንጣው በኩል የምናጫውተው የእናንተን ሳይሆን የራሳችንን ነው።

ሃያ አምስት ሳንቲሙን እኚያ ትልቅ ሰው ደንበኛችን ሊወስዱት አልፈለጉም። ካሳ ነው ብለው ጠረጴዛችን ላይ ትተውት ሄዱ። እዚያው ሚዛኗ አጠገብ አለ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የሱቁ ሰዎች