ያልደረስነው ለቅሶ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መጋቢት 9 በመጣ ቁጥር ገጾቻችሁ ላይ አንድ ስም እፈልጋለሁ። በወሊድ የተጎዱ ሴቶችን ሲያክሙ የኖሩት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ያረፉት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮም ፈልጌ አጣሁት። ስለዚህ እኔው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ያኔ ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ ገና አምስት ቀኑ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰው መጨባበጥ ትቷል። ድንኳን ጥሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ተሰብስቦ ማልቀስ የሚታሰብ አልነበረም። ዶክተሯ በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። እኛ ባሕር ዳር ያለነው በሬዲዮ ሰምተን ዝም አልን። ባገራችን ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ዕዳ ነው። ዓመት ቢያልፈውም ሰው ይሄድና "ሳልደርስ ቀርቼ" ብሎ ይቀመጣል። ይህን ደብዳቤ እንደዚያ ቁጠሩልኝ።

አክስቴ ግን ያን ቀን ዝም አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ደንግጦ "ማን ሞተብሽ?" ሲላት፣ "እናቴ" አለች። ወላጅ እናቷ የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። ዶክተር ሐምሊንን ደግሞ በአካል አይታቸው አታውቅም። ፎቶአቸውን ብቻ ነው የምታውቀው።

አክስቴ የደቅ ደሴት ልጅ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች፤ ታሪኳን ግን ፈቅዳልኛለች። በ17 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሦስት ቀን ሆናት። ቀዶ ሕክምና ያለው ባሕር ዳር ነው። በመሃል ጣና አለ። ማዕበል ስለነበር ታንኳ የሚደፍር ጠፋ። ጀልባ ተገኝቶ ስትደርስ ልጁ ሞቷል። እሷ ተረፈች። ብዙም ሳትቆይ ግን ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ፣ ይፈስሳል። ባሏ ወደ አባቷ ቤት መለሳት። ሰዉ "እርግማን ነው" አለ።

እርግማን አልነበረም። ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ራስ ዳሌ አጥንት መሃል ይቀረቀራል። በሽንት ፊኛና በመውለጃው መካከል ያለው ስስ ሥጋ ተጨፍልቆ ደም አይደርሰውም። ይሞታል፣ ከዚያ ይበሳል። ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ በዚያ ቀዳዳ ይወርዳል። ፊስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። በጊዜ ሐኪም ቤት ብትደርስ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች። ጀልባ ስትሳፈር መጀመሪያ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ታያለች። ከዚያ ሽታው ሰው ጋ የማይደርስበትን ጥግ ትፈልጋለች። ውሃም አትጠጣም ነበር። ከጠጣች ይብስባታላ። ዙሪያዋን ጣና፣ ከንፈሯ ግን በጥም የተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን ከተማ መጥታ ታክሲ ስትሳፈር ረዳቱ ሰው ፊት አስወረዳት። ከዚያ በኋላ "ከደሴቱ ንቅንቅ አልልም" አለች።

በ1999 ዓ.ም. አባቴ ባሕር ዳር ላይ በነፃ የሚያክም እንዳለ በሬዲዮ ሰማ። ለምነን አመጣናት። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ አስታማሚ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። በሩ ላይ ስንደርስ አልገባም አለች። "ወንበራቸውን አበላሽባቸዋለሁ።" አንዲት ነርስ ወጣች። አፍንጫዋን አልያዘችም። አክስቴን እጇን ይዛ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ ራሷም ከጎኗ ተቀመጠች። ወንበሩ ረጠበ። ነርሷ አልተነሣችም።

ያቺ ነርስ ይህን ከየት አመጣችው? እኔ ከዶክተር ሐምሊን ነው ብዬ አምናለሁ። ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር ከአውስትራሊያ የመጡት በፈረንጆቹ 1959 ነው። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር፤ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆች ሊያሠለጥኑ። እንደ አክስቴ ያሉትን ሴቶች አዩና ቀሩ። በአብዮቱ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል አቆሙ። ባለቤታቸው በፈረንጆቹ 1993 ሲያርፉም ጥለውን አልሄዱም። በፈረንጆቹ 2005 ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ማዕከል ተከፈተ። የተከፈተውም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ የተከተሉት ከእኛ በኋላ ነው።

ባልደረቦቻቸውንም እንዲሁ ነው ያበቁት። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ወደ ሐምሊኖች የመጡት በልጅነታቸው፣ ራሳቸው ታማሚ ሆነው ነው። ፊደል አልቆጠሩም። ሲሻላቸው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ማገዝ፣ ከዚያ መስፋት። በኋላ የተማሩ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ የታወቁ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ። ለአንዲት ያልተማረች የገጠር ልጅ መቀሱን አምኖ ማስያዝ ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? እኔ አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሲያቅተው ቶሎ ተስፋ ልቆርጥ ስል ዶክተር ሐምሊን ትዝ ይሉኛል።

አክስቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ተደርጎላት ተኛች። ነርሶቹ ጆግ ይዘው ይዞራሉ። ጠዋት "ጠጪ"፣ ማታ "ጠጪ"። ሰባት ዓመት ውሃ ስትፈራ የኖረች ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ከንፈሯን ብቻ አስነካች። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆውን ጨልጣ "ጨምሪልኝ" አለች። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

ካቴተሩ የወጣ ዕለት ሌሊቱን አልተኛችም። አንሶላውን በእጇ ስትዳብስ አነጋች። ሲነጋ ጠራችኝና እጄን ወስዳ አንሶላው ላይ አኖረችው። ደረቅ ነበር። ምንም አላለችኝም፣ እኔም ምንም አላልኳት።

ስንወጣ አዲስ ቀሚስ ሰጧት። አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። ዛሬ ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ጠርሙስ ውሃ ከእጇ አይለይም። ደቅ ስትሄድም ጀልባው መሃል፣ ሰው መሃል ነው የምትቀመጠው። ዶክተር ሐምሊንና ያሠለጠኗቸው ባለሙያዎች ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች አክመዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይድኑም፤ ደጋግመው የሚታከሙም አሉ። ግን የሚጠጋቸው ሰው አግኝተዋል።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ለከርሞ መጋቢት 9 ትንሽ ቦታ እንድትሰጧቸው ነው። አንባቢዎችንም የምለምነው አለኝ። በደቅ፣ በዘጌ፣ በደራ፣ በፎገራ ወይም በየትኛውም ገጠር ከወሊድ በኋላ ከሰው ተደብቃ የቀረች እህት ካለች ሕክምናው በነፃ እንደሆነ ንገሯት። መንገዱን ከፈራች ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ። በጀልባ ከመጣች ወደቡ ላይ፣ በመኪና ከመጣች መናኸሪያ እኔና አክስቴ እንቀበላታለን።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር