ጤፉን በጥር፣ ቅቤውን በጾም

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለብርቄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብዙ ጊዜ ጠፋሁብሽ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ስንገናኝ እንደልብሽ ትወቅሺኛለሽ። “ደመወዙ ወሩን አላደርስ አለኝ፣ ከምኑ ልቀንስ?” ብለሽ የላክሽብኝን ጥያቄ ግን ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ።

ከልጆቹ ወተትና እንቁላል አትቀንሺ። ሰው ሲቸግረው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ብሩን የሚበላው እንጀራው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል፤ በጥርና በየካቲት ገበያው ይሞላል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። በየሳምንቱ አምስት አምስት ኪሎ ዱቄት የሚገዛ ቤት ያንን ውድ ወቅት ሙሉውን ይከፍላል፣ በዚያ ላይ የቸርቻሪውን ትርፍ ይጨምራል። ስለዚህ በጥር ኩንታሉን ግዢ። ጤፍ እንደ በቆሎና ስንዴ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ፍሬው ደቃቅ ነውና፤ የሚጎዳው እርጥበት ነው። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ አታሳርፊው፤ ጣውላ ወይም ጡብ ደርድረሽ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ አርቀሽ አስቀምጪ። ዱቄቱ ግን ስለማይከርም የወር ያህሉን ብቻ እያወጣሽ አስፈጪ።

ስትገዢ ከጆንያው አፍ የሚያሳዩሽን አትመኚ። እጅሽን እስከ ክርንሽ አስገቢ፤ ውስጡ ከቀዘቀዘና ፍሬው እጅሽ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው። ከመሐል ቆንጥረሽ በጥርስሽ ፍጪው፤ ቀጭ ካለ አሸዋ አለበት። 100 ኪሎ ብለሽ ገዝተሽ ስትነፊው 5 ኪሎ አፈርና ገለባ ከወጣ፣ ዋጋውን ለ95 አካፍለሽ ነው ማሰብ ያለብሽ። “ርካሽ” የተባለው ጤፍ ብዙ ጊዜ እዚህ ሒሳብ ላይ ይጋለጣል። ማኛውን ደግሞ ለእንግዳ ተይው፤ ሰርገኛው በዋጋ ይቀንሳል፣ ለወጥ ግን ምንም አያንሰውም።

ወፍጮ ቤት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ድንጋዩ መቼ እንደተወቀረና ካንቺ በፊት ምን እንደተፈጨ። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ብናኙን ዱቄቱ ውስጥ ይጥላል። ከበርበሬ በኋላ የተፈጨ ጤፍ ምን እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ድብልቅን በተመለከተ፣ ከአራት እጅ አንዱን የፎገራ ሩዝ ወይም ነጭ ማሽላ ብታደርጊ ቤተሰቡ ልዩነቱን ብዙም አይለየውም። ከዚያ ሲያልፍ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፣ ስትጠቀልዪው ይሰነጠቃል፤ ደርቆ የተጣለው ሲደመር ያተረፍሽውን ይበላዋል። ለድብልቅ አብሲቱን በዛ አድርጊው፣ ለዛና ልስላሴ የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን እንጀራውን ከሱቅ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ዝም ብለሽ አትተዪ፣ አስይው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣሽ አንድ ቀን ቁጠሪ፤ የኪሎውን ዋጋ፣ የማስፈጫውንና የመብራቱን ደምረሽ ለዚያ ቁጥር አካፍዪ። ለሁለት ሰው ቤት አንዳንዴ ከሱቅ መግዛቱ ይሻላል። ለስድስት ሰው ቤት ግን አይመስለኝም።

ወደ መብራቱ ልለፍ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን ስለሆነ ፍጆታሽ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ከላይኛው እርከን የምትቀንሺው ነው የሚያዋጣሽ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ እስኪግል ሩብ ሰዓት ከፈጀ፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄዷል። ስለዚህ በየቀኑ አምስት አምስት ከመጋገር በሦስት ቀን አንዴ መጋገር። ሊጡ በደንብ ኩፍ ሳይል ምጣዱን አትለኩሺ፤ ማሰሻው፣ ጎመን ዘሩ፣ ሰፌዱ ሁሉ አጠገብሽ ይሁን። ሁለት እንጀራ ሲቀርሽ አጥፊው፣ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይጨርሳል።

ሰዓትም አለው። ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሲለኩስ ኃይሉ ይወርዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት በሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይለጠፋል፤ ሰው ሊጡን ወይም እርሾውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የመስመሩ ነው። ጠዋት በማለዳ ጋግሪ። ሲሞቅ እንዳትደራርቢው፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ መሶብ የገባ እንጀራ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል።

ቅቤውን በሁዳዴ እኩሌታ ግዢ። ጾመኛው ስለማይፈልገው ዋጋው ይወርዳል፤ የፋሲካ ሳምንት ከደረስሽ ግን ዘግይተሻል። ከመግዛትሽ በፊት አንድ ማንኪያ አስቀልጠሽ እዪው፤ ሙዝ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ከታች ዝቃጭ ይተዋል፣ ዘይቱም አይጠራም። ደህናውም ቢሆን ሲነጠር ከኪሎው አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃና አይብ ሆኖ ይቀራል፤ ይህንን ከዋጋው ጋር አስቢው። በለስላሳ እሳት አንጥሪ፤ አረፋው ወርዶ መንጣጣቱን እስኪያቆም አታውርጂ። ውሃው ተንኖ ሳያልቅ የወረደ ቅቤ ነው ቶሎ የሚሻግተው። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን ጨምረሽ፣ አጥልለሽ በደረቅ ማሰሮ ክደኚ፤ እርጥብ ማንኪያ እንዳይገባበት ልጆቹን አስጠንቅቂ።

ሽንኩርት በጅምላ ርካሽ ነው ብለሽ ሃያ ኪሎ አታከማቺ፣ በተለይ በክረምት። አንገቱ የደረቀውን መርጠሽ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ግዢ፤ ከፌስታል አውጥተሽ ዘርጊው፣ ከድንች ጋር አታስቀምጪው። ሥጋውን ለበዓል ከጎረቤት ጋር በቅርጫ፤ መደቡን ግን ቤት ስታደርሺ መዝኚው፣ አንዳንዴ የኪሎው ዋጋ ከሥጋ ቤት ይበልጣል።

የውሃ ቢሉ ድንገት ካሻቀበ፣ ማታ ሮቶው ሞልቶ ካበቃ በኋላ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተሽ ቆጣሪውን ጻፊ፣ ጠዋት ማንም ሳይነካ እዪው። ከተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ ማጠቢያ ገንዳ ነው። የቀይ ሥር ውሃ ገንዳው ውስጥ ጨምሪ፤ በግማሽ ሰዓት መቀመጫው ከቀላ ከሥሩ ያለው ጎማ አርጅቷል፣ መቀየሩ ትንሽ ወጪ ነው።

“ኩንታል መግዣውን ከየት አመጣለሁ?” እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እቁብ ግቢ። በየካቲት የሚጀምር፣ 12 ሰው ያለው የወር እቁብ ጥር ላይ ያልቃል። ሁሉም የፊተኛውን ዕጣ ስለሚሻማ የመጨረሻውን ልውሰድ ብትዪ የሚከለክልሽ የለም፤ ገንዘቡም ጤፉ በሚረክስበት ወር እጅሽ ይገባል። አደጋው አለ፤ ቀድሞ የበላ መክፈል ቢያቆም የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ሁሉም ዋስ የሚያቀርብበት፣ ዳኛውና ጸሐፊው የታወቁበት እቁብ ካልሆነ አትግቢ። መዋጮውም የሁለት ኩንታል ዋጋ ለ12 ተካፍሎ የሚመጣውን ያህል ይሁን፣ ከዚያ በላይ ራስሽን አታስጨንቂ።

የቤታችሁን የእንጀራ ቁጥርና የመብራቱን ቢል ላኪልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጓደኛሽ