ያልወረድንበት ገደል፦ የጂኦግራፊ ክበባችን ዓመት

የክበባት ዘገባ ብዙ ጊዜ «ክበቡ በዓመቱ በርካታ ተግባራትን አከናውኗል» ብሎ ይጀምራል። የእኛ ክበብ በርካታ ተግባር አላከናወነም። አንድ ገመድ ይዘን ዓመቱን ሙሉ ስንጓተት ከረምን።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አማን የምትሠራውን እህቴን ልጠይቅ ዮርዳኖስ ሄጄ ነበር። በእረፍት ቀኗ ሙት ባሕርን ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ ዋዲ ሙጂብ ቲኬት ቆርጣልኛለች። ሙጂብ መጽሐፍ ቅዱስ አርኖን የሚለው ወንዝ ነው፤ የሞዓብ ድንበር የነበረው። ተራራውን ሰንጥቆ ይወርድና ሙት ባሕር ይገባል። እዚያ የባሕሩ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እኛ አዳማ ላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው።

ጠዋት አስጎብኚው ሄልሜት፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትና ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር ቀበቶ አደለን። መጀመሪያ በጠራራ ፀሐይ ኮረብታ ለኮረብታ ተጓዝን። ከዚያ ሙጂብና ሂዳን የሚባሉት ወንዞች ወደሚገናኙበት ወረድን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ራሱ ውሃው ነው። አንዴ ቁርጭምጭሚት፣ አንዴ ደረት ይደርሳል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እግር መሬት አይነካም። ግራና ቀኙ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ነው። ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል።

መጨረሻው አካባቢ 20 ሜትር ገደማ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። የሚወረደው በገመድ ነው። እኔ የፎቅ ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዤ የምወጣ ሴት ነኝ። አስጎብኚው ወደ ኋላ ተደገፊ፣ ገመዱን እመኚው ይለኛል። እኔ «ኧረ በማርያም!» እላለሁ። እህቴ ቀድማ ወርዳ ከታች ትስቃለች። እንዴት እንደወረድኩ አሁንም አላውቅም።

ይህን መስከረም ላይ ለክበቡ አባላት አወራሁ። ጥፋቴ እሱ ነው። 23ቱም በአንድ ድምፅ «ቲቸር፣ እኛም እንውረድ!» አሉ።

መጀመሪያ ስለ ደራሽ ጎርፍ አጥኑ አልኳቸው። ሙጂብ ውስጥ ያለው የውሃ መንገድ በዝናባቸው ወራት ይዘጋል። የበረሃ መሬት ደረቅ ነው፣ ሣር የለውም፣ ውሃ ቶሎ አይመጥም። ሩቅ ደጋ ላይ የዘነበው ሁሉ ጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመጣል። ታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚያው ሙት ባሕር አካባቢ፣ ዛርቃ ማዒን ላይ፣ ጎርፍ 21 ሰው ገደለ። ለጉብኝት የወጡ ተማሪዎች ነበሩበት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ድሬዳዋ ዘመድ ያላት አንዷ ልጅ «ደቻቱም እኮ እንደዚሁ ነው» አለች። ልክ ናት። ደርቆ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ይቺው ልጅ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የዝናብ መለኪያ ሠራችና ጣሪያ ላይ አቆምነው። በየቀኑ እየለካች ደብተር ላይ ትጽፍ ጀመር። ሌሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ቋጠሮ ይለማመዳሉ። ገመዱን የሰጠን የጂቡቲ መስመር ሾፌር የሆነ ወላጅ ነው። በጭነት መኪና ገመድ ሰው ስለማይወርድ ከግቢ እንዳይወጣ ከለከልኩ። አኩርፈውኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን፤ ከአዳማ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተከራየነው አውቶቡስ 12 ሰዓት ይመጣል ተብሎ 2 ሰዓት ተኩል መጣ። ሾፌሩ «ጎማ ነው» አለ። ጎማዎቹን ዞሬ አየኋቸው፤ ምንም አልሆኑም። ብቻ ደረስን። ሳላዎችን አየን። ዕቅዳችን ከፓርኩ ጠባቂ፣ ከስካውቱ ጋር፣ የአዋሽ ፏፏቴ ሥር በእግር መውረድ ነበር።

ስካውቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ገደሉ ጫፍ ቆመው ውሃውን ዝም ብለው አዩት።

«ዛሬ አንወርድም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ትናንት ውሃው እንዲህ አልደፈረሰም ነበር። ላይ ዘንቧል።»

ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔም እውነቱን ለመናገር በሆዴ አጉረምርሜያለሁ፤ ስንት ወር የጠበቅነው ነገር ነው! አንዱ ደፋር «ሌላ ጊዜ በገመድ ብንመጣስ?» አላቸው።

«አዞውን አስፈቅደህ ና» አሉት።

ሁሉም ሲስቅ የዝናብ መለኪያዋ ልጅ ደብተሯን እያገላበጠች ነበር። «ቲቸር፣ ሐሙስ ማታ 31 ሚሊ ሜትር ለክቻለሁ። የኛ ዝናብ ቢሆንስ?» አዋሽ በቆቃና በወንጂ አድርጎ ነው እዚያ የሚደርሰው። ስካውቱ ደብተሩን ተቀብለው አገላበጡት። «ይቺን ልጅ እዚሁ ተዉልኝ» አሉ።

ምሳችንን ገደሉ አፋፍ በላን። ፏፏቴውን ከላይ አይተን ተመለስን።

ደብተሩ አልቆ ሌላ ተገዝቷል። ገመዱን የስፖርት መምህራችን ለገመድ ጉተታ ወስደውታል። እስከ መስከረም ይመልሱት እንደሆነ እናያለን።